የፊንፊኔ ሚሲዮንና የፈንጣጣ ክትባት

ከገፈርሳ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ዛሬ ቤት ከቤት ተያይዞ ያያል። ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ግን ይህ አገር የእርሻና የከብት መሰማሪያ ነበረ። አዲስ አበባ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1886 ሳትቆረቆር አስቀድሞ በፊንፊኔ፣ ቢርቢርሳ በተባለው ስፍራ፣ አንድ ትንሽ የካቶሊክ ሚሲዮን ተተክሎ ነበር። ታሪኩ እናቶችን በብርቱ የሚመለከት ስለ ሆነ በአጭሩ እናቀርበዋለን። ዓመታቱን ሁሉ በዚሁ በኤውሮጳ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

መሥራቹ ኢጣልያዊው የካፑቺን መነኩሴ ጉሌልሞ ማሳያ ናቸው፤ የአገራችን ሰው አባ ማስያስ ይላቸዋል። በ1846 ለኦሮሞ አገር ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ ብዙ ስደትና መከራም ካዩ በኋላ በ1868 ሸዋ ገቡ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በክብር ተቀብለው በአጠገባቸው አኖሯቸው፤ በፊንፊኔም ለሚሲዮን የሚሆን መሬት ሰጧቸው።

ሕዝቡ ግን እኚህን ሰው ከስብከታቸው ይልቅ በመድኃኒታቸው ያውቃቸው ነበር። በዚያ ዘመን ፈንጣጣ በአንድ ቤት በገባ ጊዜ ልጆችን ይፈጃል፤ የተረፈውንም ፊቱን ያበላሻል፤ ዓይኑንም ያጠፋል። አባ ማስያስ በየሄዱበት አገር ሕዝቡን ይከትቡ ስለ ነበር «የፈንጣጣ አባት» ተባሉ። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱን በቅዝቃዜ ማቈየት ስለማይቻል፣ ከተከተበ ልጅ ክንድ ከወጣው ፈሳሽ ተወስዶ ለሌላው ልጅ ይከተብ ነበር። እንግዲህ የአንዲት እናት ልጅ ለጎረቤቷ ልጅ መዳኛ ይሆን ነበር ማለት ነው።

በ1879 ዐፄ ዮሐንስ አባ ማስያስን ከአገር አስወጧቸው። ረዳታቸው አባ ቶሬን በ1881 ሐረር ገብተው ሥራውን በዚያ ቀጠሉ። አባ ማስያስም በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ የሠላሳ አምስት ዓመት የሐዋርያነት ታሪካቸውንም በብዙ ክፍል ጽፈው በ1889 ዐረፉ።

ፈንጣጣ ግን ከእርሳቸው በኋላ ገና ብዙ ዘመን ቈየ። በ1971 በአገራችን ትልቅ ዘመቻ ተጀመረ፤ ከታቢዎችም በእግርና በበቅሎ ገደሉንና በረሃውን አቋርጠው በየመንደሩ ገቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በ1976 ነው፤ በ1980ም በሽታው ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ።

እናቶች ሆይ፤ ዛሬ ፈንጣጣን ያየ ወጣት የለም፤ በሽታውን ያላየም ሰው ክትባትን ሊንቅ ይችላል። ነገር ግን ኩፍኝና የልጅነት ልምሻ ገና አልጠፉም። የቀደሙት እናቶች ልጃቸውን አዝለው ሩቅ መንገድ ሄደው ያገኙት የነበረው ክትባት ዛሬ በጤና ጣቢያ ይሰጣል። ስለዚህ የልጃችሁን የክትባት ቀን ሳታሳልፉ ትወስዱት ዘንድ አደራ እንላችኋለን።