ስለ አድሬናል ዕጢዎች መድከምና ስለ ሆርሞን ምትክ ሕክምና

በእያንዳንዱ ኩላሊት ራስ ላይ አድሬናል የሚባል፣ ክብደቱ አምስት ግራም ያህል የሆነ ዕጢ አለ። መጠኑ ትንሽ ይሁን እንጂ ሁለቱም ዕጢዎች ሥራቸውን ያቆሙ እንደ ሆነ ሰው ያለ መድኃኒት በሕይወት ሊቆይ አይችልም። በሽታውን በ1855 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ለይቶ የገለጠው በሎንዶን የጋይ ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ቶማስ አዲሰን ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አዲሰን ያያቸው ምልክቶች ብርቱ ድካም፣ የልብ አመታት መዳከም፣ የጨጓራ መታወክና የቆዳ መጥቆር ናቸው። ጠይም ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ጥቁረቱ በቀላሉ ስለማይለይ ድድን፣ የመዳፍን መስመርና አዲስ ጠባሳን መመልከት ያስፈልጋል። ዕጢዎቹን ከሚያጠፉት ምክንያቶች አንዱ የቲቢ በሽታ ነው፤ በበለጸጉት አገሮች ግን ዛሬ የሚበዛው የሰውነት መከላከያ የገዛ ዕጢውን መውጋቱ ነው።

ዕጢዎቹ ሲጠፉ በተለይ ሁለት ሆርሞኖች ይጐድላሉ። አንደኛው ኮርቲዞል የደምን ግፊትና ስኳር ይደግፋል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ዝቅ ብሎ ወደ ንጋት ከፍ ይላል። ሁለተኛው አልዶስቴሮን ጨው በሽንት እንዳይባክን ይጠብቃል። ኬንዳል፣ ራይክሽታይንና ሄንች ስለ አድሬናል ሆርሞኖች ባደረጉት ምርምር በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ከዚህ ምርምር ወዲህ የጐደለውን መተካት ተቻለ። ለአዋቂ ሰው ሃይድሮኮርቲዞን በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል፤ ትልቁ ድርሻ ከእንቅልፍ እንደ ተነሡ ይወሰዳል። ስለ ጨው ደግሞ ፍሉድሮኮርቲዞን ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊግራም ጧት ይጨመራል።

ዋናው ችግር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጤነኛ ዕጢ ሰውየው ሲያተኵሰው፣ ሲቈስል ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ሆርሞኑን ራሱ ያበዛል፤ ኪኒን ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ ትኩሳት በያዘው ጊዜ በሽተኛው የሃይድሮኮርቲዞኑን መጠን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ማድረግ አለበት። ካስመለሰውና ኪኒኑ ካልረጋለት 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ፣ የጨው ውሃም በደም ሥር ሳይዘገይ ሊሰጠው ይገባል፤ አለዚያ የደም ግፊቱ ወድቆ ይሞታል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንም ኮርቲዞልን በጉበት ቶሎ ስለሚያፈርስ፣ እርሱን የሚወስድ በሽተኛ የሆርሞኑ መጠን ከፍ ሊልለት ያስፈልጋል። ቲቢ በሚበዛበት በአገራችን ይህን መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ ኪኒኑን ማዘዝ የሕክምናው እኩሌታ ብቻ ነው። ቀሪው እኩሌታ በሽተኛውና ቤተ ሰቡ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ፣ በሕመምም ቀን መጠኑን እንዲጨምሩ አጥርቶ ማስተማር ነው።