31 የምትል ሰዓት አባቴን ጉድ ሠራቻቸው!

እስቲ የእጅ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። 3 ቁጥር አጠገብ ባለችው ትንሽ መስኮት የሚታየው ቀን የዛሬው ነው? «አዬ! እሱን ደግሞ ማን ያየዋል?» ካላችሁ የአባቴን ጉድ ስሙ።

የምንኖረው አሶሳ ነው። አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት አንዱ ናቸው። ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ደም ግፊት አለባቸው፤ ነገር ማስታወስም እየከበዳቸው ነው። ግን ኩሩ ሰው ናቸው። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ልጅ መጠየቅ ለእሳቸው ውርደት ነው። ለዚህም ነው ያቺን አሮጌ ሴኮ ፋይቭ ከእጃቸው የማያወልቋት። ጠዋት ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት ቀኗን ያያሉ። ሰዓቷ ያለችው ነው እንግዲህ ቀኑ!

እናላችሁ፣ ባለፈው ጊዜ ህዳር 12 ቀን የሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ቤት ስደርስ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቱ ቆሻሻውን እያቃጠለ ህዳርን ያጥናል።

«አባባ፣ አይነሱም እንዴ? ቀጠሮዎ እኮ ዛሬ ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው ሰዓቷን አሳዩኝ። 11 ትላለች!

«ነገ ነው። እነዚህም ሰዎች አንድ ቀን ቀድመው ነው የሚያጥኑት» አሉና ሳቁብን።

በስንት ልመና ተነሡ፤ ስንደርስ ግን ረፍዷል። ኪኒናቸው አልቆ ስለነበር ሌላ ቀጠሮ እስኪደርስ ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት ቆዩ። እነዚያን ሦስት ሌሊቶች እሳቸው ራሳቸውን ይዘው፣ እኔ እሳቸውን እያየሁ አነጋን።

ጥፋቱ የማን ነው?

መቼም እጄን የምፈታው ከአሮጌ ሴኮዎች ዕቃ እየለቀምኩ ሰዓት በመገጣጠም ነው። «ተበላሽታለች» ብዬ ከፈትኳት። ምን ዋጋ አለው፣ ሰዓቷ ጤነኛ ናት! ጥፋቷ የፈረንጅ ቀን መቁጠሯ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓቱ ፊት ሥር ከ1 እስከ 31 የተጻፈባት ስስ ቀለበት አለች። በውስጥ ጠርዟ 31 ጥርስ አላት። በ24 ሰዓት አንዴ የሚዞር ጎማ በጣቱ አንዷን ጥርስ ገፋ ሲያደርግ ቀኑ ይለወጣል። አንዲት በሞላ የምትገፋ መያዣ ደግሞ ቀለበቷ ወዲያ ወዲህ እንዳትል ትጠብቃታለች። ቀለበቷ ታዲያ ወር አታውቅም፤ ሁልጊዜ 31 ትቆጥራለች።

ፈረንጆቹ ከ31 የሚያንሱ ወራት ያሏቸው 5 ስለሆኑ በዓመት 5 ጊዜ ያስተካክሏታል። እኛስ? 12ቱም ወሮቻችን 30፣ 30 ናቸው፤ ጳጉሜ ደግሞ 5፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ናት። በዓመት 13 ጊዜ ማለት ነው! መስከረም 1 ጠዋትማ 6 ትላለች፤ ወደ 1 ለማድረስ 26 ቀን ማሳለፍ ያስፈልጋል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ወር 29 ወይም 30 ነው። አሶሳ ላይ 31 የምትጠቅመው በስደተኛ እርዳታ ቢሮ በፈረንጅ ቀን ደብዳቤ ለሚጽፍ ሠራተኛ ይሆናል እንጂ ለአባቴ አይደለም።

ጥቅምት 30 ባለቀ ማግስት ሰዓቷ 31 አለች። ለደከመ ዓይን 31 እና 21 ምን ልዩነት አላቸው? አባቴ ዝም ብለው አለፏት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ቀን ወደኋላ ቀርተው ይኖሩ ነበር።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ

መጀመሪያ ቁጥሮቹን በትልልቁ በወረቀት ጽፌ ቀለበቷ ላይ ለጠፍኩ። በቀለበቷና በሰዓቱ ፊት መካከል ያለው ክፍተት ግን ወረቀት አያስገባም። ሌሊቱን ተነክሳ ቆመች።

ቀጥሎ ከሌላ ሴኮ ቀለበት አውጥቼ ገጠምኩ። ገባች፤ ግን በመስኮቷ የሚታየው ግማሽ 17፣ ግማሽ 18! ለካ የአባቴ ሴኮ ፋይቭ መሙያዋ ያለው 4 ቁጥር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣችው የሴኮ ፋይቭ መለያ አንዱ ይኸው ነው። ቀለበቷን ያወጣሁባት ሰዓት ግን መሙያዋ 3 ቁጥር ላይ ነበር። መሙያው ቦታ ሲለውጥ የውስጡ ሞተር አብሮ ይዞራል፤ ቁጥሮቹም ለዚያው ቦታ ነው የሚታተሙት። ቀለበት የምትለዋውጡ ሁሉ መጀመሪያ መሙያው የት እንዳለ እዩ!

አንድ ጓደኛዬ «31ኛዋን ጥርስ ቁረጣትና ተገላገል» አለኝ። እንዳትሞክሩት! ጣቱ የሚገፋው ጥርስ ሲያጣ በባዶ ያልፋል፤ ቀኑም እዚያው ተቸክሎ ይቀራል።

በመጨረሻ የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ለመንኩ። የራሷን የሰዓቷን ቀለበት መልሼ፣ በመርፌ ጫፍ 31 ቁጥር ላይ ብቻ ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ እስኪደርቅም አሳደርኩት። ስገጥም ቀኑ ልውጥ እስኪል አዞርኩና ሁለቱንም ቆጣሪዎች ልክ 12 ላይ ተከልኳቸው። ቀለበቷ 30 መቁጠር አልተማረችም፤ ግን አሁን 31ኛው ቀን ሲመጣ ትጮሃለች!

ለእናንተም ምክር

ሰዓታችሁን በሀበሻ አቆጣጠር ከሞላችሁ ቀኑ የሚለወጠው 12 ሰዓት ላይ ነው። ሲመሽ የሚለወጥ ከሆነና ሲነጋ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት አዙሩ።

ዋናው አደጋ ግን ይኼ ነው። ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለበት፣ ቀኑ ሊለወጥ ሲል ወይም ገና ሲለወጥ፣ ጣቱ ከጥርሷ ጋር ይያያዛል። ያን ጊዜ ቀኑን በመሙያው በጉልበት ካሳለፋችሁ ጥርስ ይሰበራል። ሲነጋ ለሚለወጥ ሰዓት ደግሞ ይህ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ነው፤ ልክ ከእንቅልፍ ነቅተን ሰዓት የምንነካካበት ጊዜ! ስለዚህ ቀን የሚስተካከለው ቆጣሪው 6 ቁጥር ላይ ሲሆን ነው።

አባቴን «ጠዋት ቀይ ካዩ አይንኳት፤ ምሳ ሲቀርብ አንድ ቀን ያሳልፏት» አልኳቸው። ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ይረሱታል ብዬ ግን ፈርቼ ነበር።

ህዳር ባለቀ ማግስት ለምሳ ስሄድ እንጀራው ቀርቧል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው መሙያዋን ሳብ አድርገዋል። ዝም ብዬ ቆምኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ታህሳስ 1 ነው። እጅህን ታጠብና ቅረብ» አሉኝ።

ማንንም አልጠየቁም።