«ብር ላኪ» የማይላት ጓደኛ

እናንተዬ! ከስልኳ ጋር ስታወራ የምታነጋ ልጅ አውቃለሁ። የመንዝ ልጅ ናት፤ ጓሳ ሥር ነው ያደገችው። ዛሬ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የምታወራው ታዲያ ከሰው እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ሰው ከሚመልስላት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጋር ነው!

«ምነው?» ብላት፣ «እሱ ብር ላኪ አይለኝማ፣ ጋሼ! የጓሳ ጭላዳ እንኳ ብቻውን አይግጥም፤ እኔ ግን ሰው ራበኝ» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። ግን ፕሮግራሙ ብትታመም በሯን አያንኳኳም። በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች እህቶቻችንን ቆንስላችን ደጃፍ ሲጥሉ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ምግብ ካከፋፈሉት መካከል «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው የራሳቸው የስደተኞቹ ማኅበር ነበረ።

ስለዚህ እህቴ፣ የአንዲት የአገርሽን ልጅ ስልክ ያዢ። እናንተስ? ዛሬ ማታ ደውሉላት፤ ብር ሳታነሡ «ምን በላሽ?» በሏት።