ጠንካራ ፍሬንና የተመጣጠነ ፍሬን

ዕድሜ የጠገበ ፒክአፕ ያለው ሰው፣ መኪናው በቁልቁለት ላይ አልቆም ብሎ ያስደነገጠው እንደ ሆነ፣ ያለውን ፍሬን መርምሮ ከማደስ ይልቅ ከፊተኛው የሚበልጥ ዲስክና ካሊፐር ገዝቶ ማስገጠም ይቀናዋል፤ «ፍሬኑ የበረታ መኪና ቶሎ ይቆማል» የሚለውም ቃል በየጋራዡ ደጃፍ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ማስረጃ የማይጠየቅበት ሃይማኖት ሆኗል። እውነታው ግን መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው መንገዱን የሚይዝበት ኃይል ነው፤ የነበረው ፍሬን ጎማውን እንዳይዞር አድርጎ ለማሠር ከበቃ፣ በላዩ የሚጨመረው ብርታት የመቆሚያውን ርቀት አንድ ክንድ እንኳ አያሳጥርም። ርቀቱን የሚያረዝመው ይልቁንስ ፍጥነት ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ፣ በ40 ከሚሄደው አራት እጥፍ ርቀት ይፈልጋልና። የትልቅ ዲስክ ትርፉ ሙቀትን የመሸከም ዐቅም ነው፤ ጭኖ የዓባይን በረሃ ለሚወርድ ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም፤ በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ግን ገንዘቡን በደኅና ጎማ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ከዚህ የሚከፋው ስሕተት፣ የፍሬን ኃይል ለአራቱም እግር እኩል ይታደል ማለት ነው። ፍሬን በተረገጠ ጊዜ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ካሶኒው ባዶ የሆነ ፒክአፕ ደግሞ ቀድሞውንም ኋላው ቀላል ስለ ሆነ፣ የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ ቀድመው ቢታሠሩ ኋላው ይዞርና መኪናው በጎኑ ይሄዳል። የፊቶቹ ቀድመው ቢታሠሩ መሪው አልታዘዝ ይላል እንጂ መኪናው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ሁለቱም ክፉ ናቸው፤ ዳሩ ግን ከሁለቱ የሚመረጠው ይኸኛው ስለ ሆነ፣ ሠሪዎቹ የፊቱን ድርሻ ዐውቀው አብልጠውታል።

ጭነት ሲመጣ ግን ክፍፍሉ መለወጥ አለበት። በብዙ አሮጌ ሃይሉክሶች ሥር ተኝቶ የተመለከተ ሰው፣ ከሻንሲው ጋር የታሠረ አንድ ትንሽ ቫልቭ፣ ከእርሱም ወደ ኋላው አክስል የሚወርድ ቀጭን የብረት ዘንግ ያገኛል። ጭነቱ ካሶኒውን ዝቅ ባደረገው መጠን ዘንጉ ቫልቩን ያንቀሳቅሰውና ለኋላው ፍሬን የሚደርሰው ግፊት ይበዛል፤ ጭነቱ ሲወርድ ደግሞ ያንሳል። ይህን ቫልቭ ብዙ ሰው «የኋላውን ፍሬን የሚያስርብ» እያለ ይከስሰዋል፤ አስነቅሎም ቧንቧውን በቀጥታ ያስቀጥላል፤ በዚህም፣ ጭኖ ሳለ ደኅና የሚመስል፣ ባዶውን ግን በመጀመሪያው ካፊያ የሚሽከረከር መኪና ያተርፋል። ሌላም ስውር ነገር አለ፤ ባለቤቱ አብዝቼ ልጫን ብሎ ባሌስትራ ያስጨመረ እንደ ሆነ፣ ኋላው ከፍ ብሎ ስለሚቀር፣ ቫልቩ ካሶኒው ሞልቶ ሳለ እንደ ባዶ ይቈጥረዋል፤ ስለዚህም ብዙ በሚፈለግበት ሰዓት ጥቂቱን ይሰጣል። መድኃኒቱ የዘንጉን ልክ ከአዲሱ ከፍታ ጋር ማስማማት ነው፤ ቫልቩ ዝጎ የደረቀ ከሆነም ይለወጣል እንጂ አይዘለልም።

ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬኑን ዘይት ስለሚገፋው ክፍል፣ «ማስተሩ ሲተልቅ ፍሬኑ ይበረታል» የሚሉም አሉ። ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚተላለፍ ግፊት የገፊው ኃይል ለገጹ ስፋት ተካፍሎ የሚገኝ ነውና፣ የማስተሩ ፒስተን ውፍረት ከ22 ወደ 25 ሚሊ ሜትር ቢያድግ፣ ያው እግር በያው ኃይል ሲረግጥ የሚወጣው ግፊት ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል። ፔዳሉ ግን አጭርና ደረቅ ይሆናል፤ ሰውም ይህን ድርቀት እንደ ብርታት ይቈጥረዋል። ትልልቅ ካሊፐር ከተገጠመ ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ ትልቅ ማስተር ያሻው ይሆናል፤ ያን ጊዜ አንዱን ለውጦ ሌላውን መተው አይቻልም።

የኋላውን ታምቡር በዲስክ መተካትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ዲስክ የዘመኑ ፍጥረት ይመስላል እንጂ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ታምቡርም ኋላ ቀር ስለ ሆነ አይደለም እስካሁን በፒክአፕ ኋላ የቈየው፤ የእጅ ፍሬንን በቀላሉ ስለሚሸከም፣ ርካሽም ስለ ሆነ ነው። ለታምቡር የተሠራ ማስተር በመሥመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው ስለሚችል፣ ይህን ሳያጣሩ ዲስክ የገጠሙ ሰዎች ሸራው ዘወትር እየታከከ ሲግልባቸው ይገኛል።

የፍሬን ዘይት ካልጎደለ አይቀየርም የሚለው ልማድ ግን ነፍስ የሚያጠፋ ነው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ከአየሩ እርጥበት ስለሚጠጣ ግን፣ ውሃ በገባበት ጊዜ 140 ዲግሪ ሊያፈላው ይችላል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል፤ ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ የሚይዝ ሾፌር፣ ከ50 ሊትር በላይ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት በአራቱ ጎማዎች ላይ ያነድዳል። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን፣ እንፋሎት የሚጨመቅ ነውና፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ ሰው ፍሬኑ ተበጠሰ ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ቢፈተሽ ግን የተበጠሰ ነገር አይገኝም። ማርሽ ቀንሶ በሞተር እየተያዙ መውረድ ነዳጅ ይጨርሳል ማለትም ከንቱ ወሬ ነው፤ የነዳጅ መርገጫው በተለቀቀበት ቁልቁለት ሞተሩ የሚወስደው ነዳጅ ወይ እጅግ ጥቂት ነው፣ ወይ ጭራሹን ይቋረጣል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሚዛኑ የሚፈተነው ሰው በማይመላለስበት ደረቅና ሜዳ ስፍራ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በመጀመሪያ ባዶውን ኋላም ጭኖ ነው፤ አንድ ሰው ራቅ ብሎ በጎን ቆሞ የትኞቹ ጎማዎች ቀድመው እንደሚታሠሩ ይመልከት። የኋላዎቹ ከቀደሙ ወደ ዘንጉ መመለስ ያስፈልጋል። መኪናው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚስብ ከሆነ ግን ቫልቩን መንካት አይገባም፤ በአንደኛው ወገን የተጣበቀ ካሊፐር ወይም ዘይት የነካው ሸራ ይፈለግ፤ ሸራውም በተገኘ ጊዜ የሁለቱም ጎን አብሮ ይቀየር።