መኪና ሲያንኳኳ ምን ይላል?

ጅቡቲ ከተማ በሐምሌ ወር ቀትር ላይ የሚሠራባት ከተማ አይደለችም። ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ ሱቁ ይዘጋል፥ ሰውም ጥላ ይፈልጋል፤ ሥራ ዳግመኛ ነፍስ የሚዘራው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከከተማይቱ ባለ ቁጥር ነባር ሠፈሮች አንዱ በሆነው በካርቲየ 3፥ በአንድ እንዲህ ባለ ምሽት፥ አንዲት አሮጌ የቤንዚን አውቶሞቢል ኮፈኗን ከፍታ ቆማ ነበር። ባለቤቷ ከአዲስ አበባ በአዋሽ፥ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣው፥ በዚያ ሠፈር ብዙ ዓመት የኖረችውን እኅቱን ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ አገር ቤት ለመመለስ ነበር። ጓዙ ታስሯል፤ ልጆቹ ጎረቤቱን ተሰናብተዋል። ነገር ግን መኪናይቱ ጋላፊን ካለፈች ወዲህ ታንኳኳለች።

በመጀመሪያ ያያት መካኒክ፥ «ብሮንዚኑ ተበልቷል፤ ሞተሩ ይፈታ» ሲል ፈረደባት። ይህ ፍርድ ሰውየው ለመንገድ የያዘውን ገንዘብ ሁሉ የሚያስወጣ ነበር። ስለሆነም ጉዳዩ በዕድሜ ለገፉ አንድ ኢትዮጵያዊ መካኒክ ቀረበ። ሽማግሌው መፍቻ አላነሡም፤ በርጩማ ስበው ተቀመጡና መጠየቅ ጀመሩ።

«መቼ ነው የምታንኳኳው?»

«ዳገት ላይ ቤንዚን ስሰጣት ነው፥ ጋሼ።»

«እግርህን ስታነሣስ?»

«ወዲያው ትተዋለች።»

«አዲስ አበባ ሳለህስ?»

«አንድ ቀን እንኳ ሰምቼባት አላውቅም።»

«ድምፁ መዶሻ ግንድ ሲመታ ነው ወይስ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ?»

«ልክ እንደ ጠጠር ነው።»

«እንግዲያው ልጄ፥ ብሮንዚኑን ተወው። መኪናህ ከደጋ ወደ ባሕር መውረዷን ነው የምትነግርህ።»

አባባሉ ተረት ቢመስልም ሳይንስ ነው። በጤነኛ የቤንዚን ሞተር ካንዴላው እሳት ሲጭር ነበልባሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥርዓት ተዳርሶ ፒስተኑን ይገፋዋል። ሙቀቱና ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ግን፥ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ቤንዚንና አየር በራሱ ይፈነዳል። ያ ድንገተኛ ግፊት የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲመታ የጠጠር ድምፅ ይሰማል። ነዳጁ ይህን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካው ኦክቴን በተባለው ቁጥር ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፥ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ማንኳኳቱ አይነሣም። ከዚህም የተነሣ የደጋ መካኒክ የጠፋውን ጉልበት ለመመለስ ሲል ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ አዙሮ የእሳቱን ጊዜ ያስቀድማል። ያችው መኪና ወደ ጅቡቲ ስትወርድ የምትስበው አየር የታመቀና የጋለ ይሆናል፤ በደጋ የጠቀማት የእሳት መቅደም በቆላ ጠላቷ ሆኖ ይገኛል። ዘመናዊ መኪኖች ማንኳኳቱን የሚያዳምጥ መሣሪያ ስላላቸው ጊዜውን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ አሮጌይቱ ግን የሰው ጆሮ ያስፈልጋታል።

በዚህ ድምፅ የተሳሳተው የሠፈር መካኒክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ በአሜሪካ ጥፋቱ ቻርልስ ኬተሪንግ ባበጀው የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያ ላይ ተላክኮ ነበር። ባልደረባው ቶማስ ሚጅሊ ግን መርምሮ ምክንያቱ የነዳጁ አነዳደድ መሆኑን አሳየ፤ በ1921ም እርሳስ ያለበት ቅመም ቤንዚን ውስጥ ቢጨመር ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኘ። ሆኖም ሞተሩን ዝም ያሰኘው እርሳስ የሰውን ልጅ የሚመርዝ ሆነ። ከሠሓራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 መግቢያ ተዉት፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም በ2021 ሽያጩን አቆመች። ድምፅን ዝም ማሰኘትና ችግርን መፍታት አንድ አለመሆናቸውን ዓለም የተማረው በዚህን ያህል ዋጋ ነው።

ይህንኑ ትምህርት ሽማግሌው በዚያች ምሽት በሌላ መንገድ አሳዩ። ዲስትሪቢዩተሩን በጥቂቱ ወደ ኋላ መልሰው ካጠበቁ በኋላ ከባለመኪናው ጋር ለሙከራ ወጡ። ጠጠሩ ጠፋ። ሰውየው በደስታ ሊመለስ ሲል፥ «ራዲዮኑን አጥፋልኝ» አሉት። በጸጥታው ውስጥ ሌላ ድምፅ ነበር፤ ዝግ ያለ፥ ደብዛዛ፥ ዱቅ፥ ዱቅ የሚል። ሜዳ በሆነው ጭር ያለ ጎዳና ላይ ማርሹን ዜሮ አስደረጉት፤ የሞተሩ ድምፅ ቢረግብም ዱቅታው ቀጠለ፤ መኪናይቱ ስትዘገይም አብሮ ዘገየ።

«በመንገድ ጎማ ቀይረህ ነበር?»

«ሚሌ ላይ፥ በሌሊት፤ የፊቱን ግራ።»

ቆመው ሲያዩት ጎማውን ከያዙት አምስት ዳዶዎች ሦስቱ በጣት የሚዞሩ ሆነው ተገኙ። ባለመኪናው ሁለቱን ሕፃናትና የሚጠብቃቸውን ቁልቁለት አስቦ ይመስላል፥ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ትልቁ ድምፅ ትንሹን ሸፍኖት ነበር፤ ሰው የሚገድለው ደግሞ ትንሹ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ወታደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ ሊይዘው የሚገባ ሥርዓት አለ። መኪና ሲያንኳኳ በቅድሚያ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ማስጮህ ይገባል። ቆሞም የሚያንኳኳ ከሆነ ምክንያቱ በሞተሩ ወይም በዙሪያው ነው፤ ሲሄድ ብቻ ከሆነ ግን ጎማ፥ ኩሽኔታ ወይም ክሮቼራ ይጠረጠራል። ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚሰማው ባሌስትራንና አሞርዛተርን ያስፈትሻል። በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ የዘንጉ መገጣጠሚያ ይታይ። የናፍጣ ሞተር በብርድ ሲነሣ ጥቂት ማንኳኳቱ ጠባዩ ነው፤ ከሞቀ በኋላም በርትቶ ከቀጠለ ግን መመርመር ያሻዋል።

ከውስጥ የሚመጣ ከባድ የመዶሻ ድምፅ ከተሰማ፥ ይልቁንም የዘይቱ መብራት ከበራ፥ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት እንጂ «እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ» ማለት አይገባም። ብሮንዚን የበላ ቢዬላ ሞተሩን ሰብሮ ሊወጣ ይችላልና። ጎማ የቀየረም ሁሉ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ዳዶዎቹን ዳግመኛ ያጥብቅ።

በማግሥቱ ማለዳ፥ ፀሐይ ሳትከር፥ እኅትና ልጆቿ ከካርቲየ 3 ተነሥተው በደወሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ አቀኑ። ሽማግሌው ለሥራቸው መጠነኛ ዋጋ ተቀብለው፥ ለመንገደኛው አንድ ቃል ብቻ አስያዙት፤ «ደጋ ስትደርስ ጉልበት ቢያንሳት እሳቱን አስቀድምላት። እስከዚያው ግን ራዲዮኑን ቀነስ አድርገህ ንዳ።»