ልብ ሰቀላና የአንድ ወር ንባብ

ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ በብዙ መምህራን ዘንድ ጊዜ ማባከኛ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ተማሪው ከጠረጴዛ ሥር ደብቆ ሲያነበው ይገኛል። ይሁን እንጂ ተማሪው ያለ አስገዳጅ በአንድ ወር ሦስትና አራት መጻሕፍት ሊጨርስ የሚችልበት ዘርፍ በመሆኑ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በአማርኛም ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ ታሪኮች ብዙ አንባቢ አፍርተዋል።

ልብ ሰቀላ የሚፈጠረው ደራሲው የሚያውቀውን ቆጥቦ በመግለጡ ነው። ለዚህም የእንግሊዛዊው ዊልኪ ኮሊንስ «ዘ ሙንስቶን» ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የጠፋውን አልማዝ ታሪክ የሚተርኩት ልዩ ልዩ ምስክሮች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸው ካወቁት አልፈው እንዲናገሩ አልተፈቀደላቸውም፤ ስለዚህ አንባቢው እንደ ዳኛ ቃልን ከቃል ለማመሳከር ይገደዳል። ድርሰቱ በመጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረ መጽሔት ላይ፣ በ32 ሳምንታዊ ክፍሎች ነበር። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ሳምንት ለመጠርጠርና ለመከራከር ይበቃ ነበር። ዛሬ ሙሉውን መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥ አንባቢ ግን ይህ ፋታ የለውም፤ ወደ ፍጻሜው ስለሚጣደፍ፣ በወሩ መጨረሻ የአንዱን መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ከሌላው ጋር ቢያደባልቅ አያስደንቅም።

ጉድለቱ የአነባበብ ስለሆነ መጽሐፉን መከልከል አይፈታውም። ተማሪው በየምዕራፉ መጨረሻ ቆም ብሎ ማንን እንደሚጠረጥርና ማስረጃው ምን እንደሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገር በደብተሩ ላይ እንዲያሰፍር መምህሩ ሊያዝዘው ይችላል። ግምቱ ቢሳሳት አይጎዳውም (ደራሲው የደከመውም ለዚሁ ነው)፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ ከመጀመሩ በፊት ግን የተታለለበትን ገጽ ተመልሶ ይፈልግ።