ቦዬ፣ እሪያ፣ ሽቫይን

ጂማ አካባቢ፣ ሰቃ ጨቆርሳ ውስጥ በቆሎ ማሸት ሲጀምር ገበሬው እንቅልፍ የለውም። ማሳው መሀል ማማ ሠርቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ሲጮህ ያድራል። ከቡናው ጫካ ወጥቶ አዝመራውን የሚያወድምበት የዱር አሳማ ነው። በኦሮምኛ «ቦዬ» ይለዋል፤ ክራንቻው ወደ ላይ የተቆለመመውን ደግሞ «ከርከሮ» ብሎ ለይቶ ይጠራል። ከርከሮን አማርኛም ይጋራዋል።

ሙስሊሙም ሆነ የኦርቶዶክስ አማኙ አሳማ ስለማይበላ፣ እዚህ ሰውና አሳማ የሚገናኙት በረት ውስጥ ሳይሆን ማሳ ላይ ነው።

የአማርኛ ስሞቹ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በወንጌል ወደ ባሕር የገባው መንጋ መጠሪያ የሆነው «እሪያ» በግዕዝ «ሐራውያ» ነው። «አሳማ» ደግሞ በትግርኛ «ሐሰማ» ይባላል። አማርኛ የ«ሐ»ን የጉሮሮ ድምፅ ስለተወ ሁለቱም በ«አ» ወገን ቀሩ።

ጀርመናዊ ቋንቋዎችም በድምፅ ለውጥ አልፈዋል። የጀርመንኛው «ሽቫይን»፣ የስዊድንኛው «ስቪን» እና የእንግሊዝኛው «ስዋይን» አንድ ዘር ናቸው። ሥራቸው ከላቲኑ «ሱስ» ጋር ይገጥማል፤ የሴቷ አሳማ መጠሪያ «ሳው»ም ከዚያው ነው። ላቲኑ «ፖርኩስ» ሲል ጀርመንኛው ግልገሉን «ፌርክል» ይላል። የቋንቋ ሊቁ ያኮብ ግሪም በ1822 እ.ኤ.አ. እንዳብራራው፣ ጥንታዊው «ፐ» በጀርመናዊው ወገን «ፈ» ሆኗል። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ ያንኑ ሥር ከፈረንሳይኛ ተውሶ ሥጋውን «ፖርክ» አለው። የ«ፒግ» ምንጭ ግን እስካሁን በእርግጠኝነት አልታወቀም።

አውሮፓዊው አርቢ ለሴቷ፣ ለአውራው፣ ለተኮላሸውና ለግልገሉ የየራሳቸው ስም አውጥቷል። አማርኛ ለአሳማ ይህን ያህል አልደከመም። ወደ ከብት ሲመጣ ግን ጥጃ፣ ጊደር፣ ወይፈን፣ ላም፣ በሬ፣ ኮርማ እያለ በዕድሜና በፆታ ለይቶ ይጠራል። ቋንቋ ስም የሚያበዛው ሕዝቡ አብሮት ለሚኖረው እንስሳ ነው።

ስለዚህ የጂማ ዙሪያ የቋንቋ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት ብቻ አያገላብጡ። ማማ ላይ ወጥተው ሌሊቱን ከሚጠብቁት አባቶች ዘንድ ሄደው የአውሬዎቹን ስም ከነልዩነቱ በጽሑፍ ያስቀሩ።